ጉም የጠጣው እንክብል

የጡረታ ወረቀቴን ያስጨረሰችኝ ልጅ የሥራ መደቤን ስታነብ ቀና ብላ አየችኝ። ያቆማት «ሴራሚክ» የሚለው ቃል ነው። እማማ፣ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ማለት ነው ወይ ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ። ለዚህ ጥያቄ በዕድሜዬ ብዙ ዓይነት መልስ ሰጥቻለሁ። የዚያን ቀን ግን ደክሞኝ ነበርና አዎ አልኳት። ማኅተሟን መታችልኝ፤ ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ተመልሼ ላስረዳት አሰብኩና ተውኩት። ሰው ሥራውን ማስረዳት ሲሰለቸው ነው ለካ ጡረታ የሚወጣው።

እዚህ ግን ላስረዳ። ንጣፍ አልሠራሁም። እኔ ስሠራ የኖርኩት ነጭ ዱቄት ፈጭቼ፣ ጨምቄና አቃጥዬ ከራስ ምታት ክኒን የማይበልጥ እንክብል ማውጣት ነው። ዱቄቱ ባሪየም ታይታኔት ይባላል። የአተሞቹ አደራደር ፔሮቭስካይት ከሚሉት ወገን ነው። አንድ ትንሽ ሣጥን አስቡ፤ መኻሉ ላይ አንዲት አተም ተቀምጣለች። ሣጥኑ በጣም ሲሞቅ አተሟ ልክ መኻል ላይ ትሆናለች። ሲቀዘቅዝ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። እኔን ያኖረችኝ ይህች ማዘንበል ናት። ኤሌክትሪክ ሲመጣባት ስለምትታዘዝ፣ ይህ ሴራሚክ የሚሉት ሸክላ ከሌላ ሸክላ እጅግ የበለጠ ቻርጅ ይይዛል። ምን ያህል እንደሚይዝ የሚነግረን የዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ በጠባብ ቦታ ብዙ ማስቀመጥ ይቻላል። በያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ ከጤፍ ብዙም የማይበልጡ እንዲህ ያሉ ሸክላዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ ማንም አያያቸውም።

ተወልጄ ያደግሁት አሰላ ነው። ወደ ሰሜን ሸዋ ያመጣኝ ዕጣ ነው፤ ዲግሪዬን እንደ ያዝኩ አንኮበር ፊዚክስ እንዳስተምር ደረሰኝ። ከክፍሉ መስኮት ቆላው እስከ አፋር ድረስ ይታያል፣ ጉም ከሌለ። ጉሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነበር። ርዕሰ መምህሩ አቶ ተፈራ ቤተ ሙከራውን የቆርቆሮ ማስቀመጫ አድርገውት ስለ ነበር ቁልፉን ለማግኘት ግማሽ ዓመት ፈጀብኝ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ብቻ የሚሰበር ነገር ያስፈራቸዋል። ተማሪዎቹ ባትሪና አምፖል አገናኝተው ሲያበሩ ካዩ በኋላ ግን ቆርቆሮውን ራሳቸው አስወጡት። ከእሳቸው በኋላ ከነበሩኝ አለቆች ይህን ያህል ያስቸገረኝ የለም፣ ይህን ያህል ቶሎ የተመለሰልኝም የለም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ተላክሁ። ዶክተር ይልማን ያገኘሁት እዚያ ነው። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ጠጋ ካላሉ የማይሰሙ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ሩሲያ ተምረዋል፤ ከዚያ ይዘውት የመጡት ያለ ስኳር ሻይ መጠጣትንና ሰዓት ማክበርን ነው ይሏቸው ነበር። ሙቀጫቸውን ለማንም አያሳጥቡም። ተማሪ ላጥብልዎ ሲላቸው የራሴን ቆሻሻ የማውቀው እኔ ነኝ ብለው ይቀበሉታል። ዱቄት ሲፈጩ ቆመው ነው። እኛ ክንዳችን ዝሎ ጨርሰናል ስንል፣ ትንሽ ቆንጥረው በሁለት ጣታቸው መኻል ያሻሹታል። አሸዋ አሸዋ ካላቸው ምንም ሳይሉ ሙቀጫውን ወደ እኛ ይገፉታል።

የከበደን ሌላው ልማዳቸው ነበር። ለክተን ከጨረስን በኋላ ከሠራነው ሁሉ ጥሩውን እንክብል እንድንመርጥ ያዙናል። ከዚያ በጉጠት ይሰብሩታል። የተሰበረውን ገጽ ወደ ብርሃን አዙረው ያዩትና ምላሳቸው ላይ ጠጋ ያደርጉታል። ምላስ ከያዘ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ በደንብ አልጠነከረም ማለት ነው። ካልያዘ ጥቅጥቅ ብሏል። እናንተ እንዳታደርጉት፣ መርዝ አለው ይሉናል፤ እሳቸው ግን ያደርጉታል። አንድ ጊዜ ብዙ የደከምኩበትን ሲሰብሩብኝ ዕንባዬ መጣ። አዩኝ። አላባበሉኝም። «መጥፎውንማ ማንም ይሰብረዋል» ብለው ስባሪውን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ይህን ይዤ ነው ደብረ ብርሃን የመጣሁት። የተቀጠርኩበት ዩኒቨርሲቲ ያኔ ገና አዲስ ነበር፤ የክፍላችን ግድግዳ ቀለሙ ሳይደርቅ ነው የገባንበት። ምድጃችን ሌላ ቦታ አገልግሎ የተረፈ ነበር። የእኛ ዱቄት በደንብ ለመጠቅጠቅ ከሺህ ሦስት መቶ ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ምድጃው ወደዚያ ሲጠጋ ማቃሰት ይጀምራል፣ ከዚያ ይቆማል። የተጣራ ውሃ እንዲገዛልን ስጠይቅ የግዥ ክፍሉ ሰው፣ በሬሳን የሚያህል ወንዝ አጠገብ ተቀምጣችሁ ውሃ ግዙልን ትላላችሁ ወይ ብሎ መለሰልኝ። ሳቅሁ። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሲመልስልኝ አልሳቅሁም።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ግርማ ነበር። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ከጎንደር መጥቶ እንደ እኔው በብርዱ ታስሮ የቀረ። ተማሪዎቹ ዶክተር ግርማ ይሉታል፣ እኔ ግርማ ነው የምለው። ስለ እሱ መጀመሪያ መባል ያለበትን መጀመሪያ ልናገር፦ ለራሱ ሲለምን አይቼው አላውቅም። ለክፍሉ ግን ያልለመነበት ቢሮ የለም። ያሉን ወንበሮች፣ መለኪያው መሣሪያ፣ የመስኮቶቹ መስተዋት ሳይቀር እሱ ደጅ ጠንቶ ያመጣቸው ናቸው። ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ ነበር።

ዘይነባ የመጣችው እኔ እዚያ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነው። የአሊዩ አምባ ልጅ ናት፤ አባቷ ሐጂ ይመር በርበሬና ቅመማ ቅመም ይነግዳሉ። ከቆላ ወጥታ ደብረ ብርሃን ስለ ገባች የመጀመሪያውን ክረምት በሁለት ሹራብና በብርድ ልብስ ነው ያሳለፈችው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ አማካሪዋ እኔ ሆንኩ። ዱቄት ስትፈጭ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አላህን እያወሳች፣ ዚክር እያደረገች ነው። ዶክተር ይልማ ቢያዩዋት የሚመልሱላት ዱቄት አይኖርም ነበር። ብዙ ተማሪ አስተምሬአለሁ፤ እጅዋን ያመንኩላት ግን እሷ ብቻ ናት።

ሥራዋ በባሪየም ታይታኔቱ ላይ ላንታነም የሚባል ሌላ ነገር ጥቂት ጣል አድርጎ ቁጥሩ እንዴት እንደሚለወጥ ማየት ነበር። ክረምት ላይ እንክብሎቹን አቃጥላ፣ ሁለቱን ገጽ የብር ቀለም ቀብታ ለካች። ቁጥሩ መጻሕፍቱ ከሚሉት ብዙ እጥፍ ሆኖ ወጣ። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብለን ሌላ ነገር ለካንበት፤ ደህና ነው። እንደገና ሠራች፤ እንደገና ወጣ። ዘይነባን እንዲያ ፊቷ በርቶ አይቻት አላውቅም። ግርማ ሲሰማ እየሮጠ ነው የመጣው፤ ስክሪኑን አይቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ከዚያ ነገሩ ከእጃችን ወጣ። አዲስ አበባ ለምርምር ድጋፍ የሚሰጥ አንድ ኮሚቴ ነበር፤ ግርማ ለዓመታት ምድጃ ሲለምነው የኖረ። ውጤቱን ሲያሳያቸው ዘይነባ ቀርባ እንድታስረዳ ቀን ቆረጡልን። አዲስ ምድጃ እንደሚሰጡን በጎን ተነግሮት ነበር። ግቢው ውስጥ የማያውቁን ሰዎች እንኳን ደስ አላችሁ ይሉን ጀመር። ሐጂ ይመር ለልጃቸው አንድ ጆንያ በርበሬ ላኩላት፤ ለአስተማሪዎችሽ አካፍይ ብለው። እኔም ድርሻዬን ወሰድኩ።

ጥርጣሬዬ የመጣው ከሰማዩ ነው። ክረምት ደብረ ብርሃን ጧት ጧት ጉም ነው፤ ወደ ከሰዓት አንዳንድ ቀን ፀሐይ ብልጭ ይላል። የዘይነባ ቁጥር ጧት ወፍራም ነው፤ ፀሐይ የወጣ ቀን ከሰዓት ይከሳል። እሷም አይታዋለች፤ ግን ገመዱ ላልቶ ይሆናል ብላ ታጠብቀው ነበር። አንድ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁና ለሁለቱም ነገርኳቸው። ሸክላው እኮ ቻርጅ አልያዘም ይሆናል፤ የያዘው ውሃው ሊሆን ይችላል አልኳቸው። ምድጃችን በሚገባ ስላልጋለ እንክብሉ ቀዳዳ አለው፤ ጉሙ በዚያ ቀዳዳ ይገባል፤ እርጥበት ደግሞ መለኪያን ያታልላል። ዘይነባ እንፈትነው አለች።

ሦስታችን ተሰበሰብን። እንክብሉን ከነገመዱ ትንሿ ማድረቂያ ውስጥ አስገባንና ማሞቅ ጀመርን። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ውሃ ከሚፈላበት ስናልፍ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፤ ወርዶ ወርዶ ከመጽሐፉም በታች ሆነ። ክዳኑን ሳንከፍት እንዲቀዘቅዝ ተውነው፤ ቁጥሩ ዝቅ እንዳለ ቀረ። ይህን ሲያይ ግርማ ብድግ ብሎ ሄዶ መስኮቱን ከፈተው። ለምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም፤ አየር አንሶት ይመስለኛል። ማድረቂያውን ከፈትኩት። ጉሙ ወደ ክፍሉ ገባ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ።

ጉጠቱን አንስቼ እንክብሉን ሰበርኩት። የተሰበረውን ገጽ ምላሴ ላይ አስጠጋሁ። ያዘኝ።

የሚያናድደው፣ ያንን ትልቅ ቁጥር የወለደልን ደካማው ምድጃ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ደግሞ አዲስ ምድጃ ሊያመጣልን ነበር።

ግርማ መስኮቱን ዘጋው። «ጽጌ» አለኝ፣ «እንዋሽ አላልኩም። እንቆይ ነው የምለው። ምድጃው ይምጣ፤ በእሱ ትክክለኛውን እንሠራለን።»

በዚህ ቁጥር ከመጣ ምድጃው ሁልጊዜ የዚህ ቁጥር ምድጃ ነው አልኩት። ስንት ልጅ ነው በዚህ በሚያቃስት ነገር ላይ ዕድሜውን ጨርሶ የሚመረቀው ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ተነጋገርን፣ ድምፃችን ከፍ አለ። ዘይነባ በመኻላችን ቆማ የተሰበረውን እንክብል ስታገላብጥ ቆይታ ቀና አለች።

«ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው» አለች። «እኔ እነግራቸዋለሁ።»

አዲስ አበባ አብረናት ሄድን። ግርማ ባይስማማም መኪናውን ያስፈቀደው እሱ ነው፤ ብቻዋን አትሄድም ብሎ። የስብሰባው ክፍል ሞቃት ነበር። ዘይነባ ሻሿን አስተካክላ ቆመች፤ የተጠራችበትን ውጤት በስክሪኑ ላይ አሳየች፤ ቀጥላ ውጤቱ የሸክላው ሳይሆን የጉሙ እንደ ሆነ፣ እንዴት እንዳወቅን፣ የት ላይ እንደ ተሳሳትን በተራ ተናገረች። የሰብሳቢነቱን ወንበር የያዙት አዛውንት ስለ ግልጽነቷ አመሰገኗትና የሚቀጥለውን ጠሩ። ይኸው ነው። ምድጃው ለሌላ ተሰጠ። ሰው ሐቅ ከተናገረ በኋላ የሆነ ነገር የሚከተል ይመስለዋል። ምንም አልተከተለም፤ ወጥተን ምሳ በላን።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ግርማ አላናገረኝም። ከዚያ በኋላም ከሥራ ጉዳይ በቀር አልተነጋገርንም። እንዲህ ሆነን ዓመታት አለፉ። በአንድ ኮሪደር እየተላለፍን ጤና ይስጥልኝ መባባል ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለዘይነባ ግን የባሰው ገና ነበር። ሥራዋን ከመጀመሪያው ልትጀምር ግድ ሆነ። ምድጃውን በቻልኩት አደስኩላት፤ እንክብሎቹን ከተተች። ሙቀቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ምድጃው ሲከፈት ሁሉም ተሰነጣጥቀዋል። እንደገና ፈጨች፤ እንደገና ጠፋ። በሦስተኛው አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ስንጥቅጥቃቸውን ጠርጋ ጣለች፣ ሙቀጫውን አጠበች፣ ጠረጴዛዋን ወለወለች። በማግስቱ አልመጣችም። ስልኳ ተዘግቷል። የቤት ጓደኛዋን ስጠይቅ ዕቃዋን ይዛ ወደ አገሯ ወርዳለች አለችኝ።

ጥቂት ቆይቶ ከአንኮበር የመጣ ሰው አንድ ወሬ ይዞ መጣ። የሐጂ ይመር ልጅ የሐሰት ውጤት አቅርባ ተይዛ ተባረረች እየተባለ ነው። ይህን ስሰማ መቀመጥ አቃተኝ። እውነቱን ቆማ የተናገረችው እሷ፣ የዋሸች ተብላ ቤት ተቀምጣለች። ዕረፍት ጠይቄ ወረድኩ።

አንኮበር በሚኒባስ ደረስኩ። የድሮ ትምህርት ቤቴን ከመንገድ አየሁት፤ አልገባሁም። ከዚያ በታች የጭነት አይሱዙ ጋቢና ውስጥ አስገቡኝ። መንገዱ ቁልቁል ነው፤ በየመታጠፊያው አንድ ልብስ ያስወልቃል። ጋቢዬን ጭኔ ላይ፣ ሹራቤን ጋቢው ላይ አድርጌ አሊዩ አምባ ገባሁ። የገበያ ቀን ነበር። የሐጂ ይመርን ሱቅ ስጠይቅ ያሳየኝ ሰው ትንሽ አየት አድርጎኝ ነው ያሳየኝ።

ሐጂ ይመር ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ማን እንደ ሆንኩ ስነግራቸው ከተቀመጡበት ተነሡልኝ። ውሃ አስመጡልኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ገቡ አሉኝ። ከሱቁ ጀርባ በመጋረጃ የተከለለ ክፍል አለ፤ ዘይነባ እዚያ እንዳለች በእግሯ ኮቴ ዐወቅሁ። ወዲያው አልወጣችም። ሽማግሌው ከጠጣሁ በኋላ ወንበራቸውን አስጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መምህርት» አሉኝ፣ «ልጄ ዋሽታ ነው የተባረረችው ይላል ገበያው። እሷን ስጠይቃት ተሳስቼ ነው ትለኛለች እንጂ ሌላ አትነግረኝም። እርስዎ አስተማሪዋ ነዎት። ወላሂ፣ መጥፎም ቢሆን እውነቱን ይንገሩኝ።»

ልነግራቸው ጀመርኩ። ስለ እንክብሉ፣ ስለ ሣጥኑና ስለ አተሟ አወራሁ። በትሕትና እያዳመጡኝ ዓይናቸው ግን ከእኔ ራቀ። እንደጠፋሁባቸው ገባኝ። ዞር ብዬ ሱቁን ሳይ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት የበርበሬ ጆንያዎች ታዩኝ።

በርበሬ ላይ ውሃ የሚረጩ ነጋዴዎች አሉ አይደል ወይ አልኳቸው። ሚዛን እንዲደፋ።

አሉ አሉኝ፤ ፊታቸው ጠቆረ። እሳቸው ሠርተውት እንደማያውቁ ሊነግሩኝ ሲሉ አቋረጥኳቸው። የዘይነባ ሸቀጥም ሚዛኑ ላይ ስታወጣው ከሁሉም በለጠ አልኳቸው። ውሃ የረጨበት ግን ሰው አይደለም፤ የደብረ ብርሃን ጉም ነው። እሷ አላወቀችም፣ እኔም አላወቅሁም።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። አሁን የሚያውቁት ቤት ገብተዋል። ማን ደረሰበት ብለው ጠየቁኝ። እኔ ጠረጠርኩ፣ እሷ እንፈትነው አለች አልኩ። ለገዢዎቹስ ማን ነገራቸው? እሷ።

«ከሸጠች በኋላ ነው፣ ሳትሸጥ?»

«ሳትሸጥ» አልኳቸው። «ዋጋው ተቆርጦ፣ ሊቀበሏት እጃቸውን ዘርግተው ሳለ።»

መጋረጃው ጀርባ ኮቴው ቆሟል። ሐጂ ይመር ስሟን ጠሩ፤ ወጣች። ከስታለች። ቲቸር ብላ እጄን ያዘችኝና አንገቷን ደፋች። አባቷ ልብስሽን አዘጋጂ፣ ከመምህርትሽ ጋር ትመለሻለሽ አሏት። ለመሄድ አልጓጓችም፤ ምድጃው እንደሁ ያው ነው አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሌላ እናፈላልጋለን አልኳት፤ የት እንደማገኝ ሳላውቅ ነው የተናገርኩት።

መኪናው የሚቆመው ከሱቁ ጀርባ ቅርብ ነበር። ሐጂ ይመር ግን በዚያ በኩል አልወሰዱንም። የልጃቸውን ሻንጣ ራሳቸው ይዘው፣ እሷን በቀኛቸው አድርገው በገበያው መኻል አለፉ። በበርበሬው ተራ፣ በጥጡ ተራ፣ በከብቱ መግቢያ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። በየደረሱበት ቆም ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ወዴት ነው ሲሏቸው፣ ልጄን ወደ ትምህርቷ እየሸኘሁ ነው ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ሽማግሌው አልቸኮሉም። ዘይነባ መጀመሪያ መሬት መሬቱን ነበር የምታየው። ወደ መጨረሻው ግን ራሷም ሰላምታ ትመልስ ጀመር።

ዶክተር ይልማ ያኔ አርፈው ነበር፤ ተማሪዎቻቸው ግን አዲስ አበባ አሉ። አንዷን ለምኜ የዘይነባን እንክብሎች በእነሱ ምድጃ አቃጠልናቸው። ጠንክረው ወጡ፤ ስሰብራቸው ምላስ አይዙም። ቁጥሩም መጻሕፍቱ የሚሉት ዓይነት ሆነ፤ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ። አዲስ ነገር የለውም። ፈታኞቿ ሥራው ንጹሕ ነው፣ ግኝቱ ግን መጠነኛ ነው ብለው መካከለኛ ውጤት ሰጧት። ግርማ ከፈታኞቹ አንዱ ነበር። አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም። ዘይነባ ተመርቃ እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ ለሚ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተማሪ ሆነች፤ እስከ አሁንም እዚያ ናት። ምርምሩን ትቀጥያለሽ ወይ ብዬ አንዴ ጠይቄአት፣ ደክሞኛል ቲቸር አለችኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።

ምድጃው መጣ፤ ብዙ ቆይቶ፣ በሌላ ምክንያት፣ በሌላ ሰው ፊርማ። የክፍላችን የኤሌክትሪክ መስመር ስላልቻለው ከነሣጥኑ ኮሪደር ላይ ተቀመጠ። መስመሩ ሲዘረጋ እኔ ጉልበቴ ታሞ ነበር፤ መጀመሪያ ያቃጠሉበት ወጣቶች ናቸው። ጥሩ ይሠራል ይላሉ።

የመሸኛዬ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ለስላሳና ብስኩት ነበር። የማላውቀው ሰው ስለ እኔ ንግግር አደረገ፤ ጋቢ አለበሱኝ። ግርማ ከእኔ ቀደም ብሎ ጡረታ ወጥቷል፤ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ከኋላ ረድፍ ተቀምጦ አየሁት። ሲያልቅ ሰው እየተበተነ ሳለ መጥቶ የተሰጠኝን ዕቃ ከእጄ ተቀበለኝና እስከ ባጃጅ ማቆሚያው ላድርስሽ አለኝ። ዘንቦ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ሁለታችንም እግራችንን እያየን ነው የሄድነው።

ግማሽ መንገድ ላይ ሳይዞር ተናገረ። «ያን ጊዜ እንቆይ ያልኩሽን ዛሬም ብትጠይቂኝ እንቆይ ነው የምልሽ። ያ ምድጃ በጊዜው ቢመጣ ስንት ልጅ ይማርበት ነበር።»

ዐውቃለሁ አልኩት። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። በሚያቃስተው ምድጃ ምክንያት ሥራቸው ተሰነጣጥቆባቸው ያለፉ ልጆች ስም ዛሬም አይጠፋኝም። ትክክል ነበርኩ ብዬ ልነግረው ይገባኝ ነበር መሰለኝ። ግን ሠራነው እንጂ ትክክል መሆኑን ዛሬም እንደማላውቅ ነገርኩት። እሱም ይህን ሲሰማ አልተደሰተም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ማቆሚያው ጋ ደርሰን በቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆምን። ያቺ ልጅ የት ደረሰች ብሎ ጠየቀኝ። ለሚ እንዳለች፣ እንደምታስተምር፣ አባቷ እንዳረፉ ነገርኩት። አባቷ መሞታቸውን አልሰማም ነበር። ከዚያ ስልኳ አለሽ ወይ አለኝ። አውጥቼ ደወልኩና ሰጠሁት።

«ዘይነባ» አለ። «ግርማ ነኝ። … አዎ፣ ዶክተር ግርማ።» ረጅም ጊዜ አዳመጠ። «ስለ አባትሽ አሁን ነው የሰማሁት፤ አላህ ያጽናሽ። … አይ፣ ለሌላ ጉዳይ አይደለም። ደህንነትሽን ልጠይቅ ብዬ ነው። … ልጆቹ እንዴት ናቸው? ያጠናሉ?»

ባጃጁ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ትሳፈሪያለሽ ወይ ብሎ በእጁ ጠየቀኝ፤ አልፈህ ሂድ አልኩት።